የረቡዕ ጣቶች

ሃስከል ራትሊፍ ጥፋቱን የሠራው በክፋት ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር። አርዴላ ትሰድበዋለች፣ አልቅሳ ይወጣላታል፣ ያልቃል። ችግሩ፣ የሠራው በፍቅር ነው። በፍቅር ለተሠራ ጥፋት ደግሞ የሚሰድብ አፍ ከየት ይመጣል?

ቀኑ ቅዳሜ፣ የአርዴላ ሃያ አምስተኛ ዓመት ልደት ነበር። የእናቷ እህት፣ አክስቷ ቬስታ፣ በብራሽ ክሪክ ሸለቆ ባለችው አሮጌ የእንጨት ቤቷ በረንዳ ላይ ድርብርቡን የፖም ኬክ ቆርሳ፣ ሁለቱን ፊት ለፊት አስቀምጣ፣ እሷ ምንም እንዳላየች ሆና ጭኗ ላይ ባቄላ ትለቅማለች። ቬስታ ስድሳ ዓመቷ ነው፤ ባል የላትም፣ ጆሮዋ ግን የሰባት ሴት ነው። ሃስከል አርዴላን አየት ያደርግና ጫማውን ያያል። አርዴላ ጫማውን ሲያይ እሱን ታየዋለች። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ እንዲህ ነው የተፋቀሩት፤ በመስረቅ። እሷ የፋብሪካው ባለቤት የሚስተር ሎውል ዊትማየር አንድ ልጅ ናት። እሱ በዚያው ፋብሪካ ፊኒሺንግ ክፍል ቁምሳጥንና ቡፌ እየፋቀ ቫርኒሽ የሚቀባ፣ የከሰል ቆፋሪ ልጅ ነው። ደብዳቤያቸውን የሚለዋወጡት በቬስታ የፖስታ ሣጥን ነበር።

“ዓይንሽን ጨፍኚ” አላት።

“ሕፃን አደረግከኝ?”

“ጨፍኚ በቃ!”

በአንሶላ የተጠቀለለ ነገር ጭኗ ላይ አረፈ። ገና ሳትገልጠው በክብደቱ አወቀችው። የእናቷ ጊታር ነው።

እናቷ ኦሊ ከመዳሯ በፊት በየቅዳሜው ማታ በራዲዮ ትዘፍን ነበር። “የሸለቆዋ ኦሊ” ሲባል የከሰል ከተሞቹ ሁሉ ያውቋት ነበር አሉ። ይህን በ1936 የተሠራ ጊታር አቅፋ፣ በአውቶቡስ ከከተማ ከተማ ተንከራታለች። አርዴላ ያን ዘመን አልደረሰችበትም። እሷ የምታውቀው ረቡዕን ነው። ረቡዕ ረቡዕ አባቷ ከነጋዴዎች ጋር ምሳ ሲበላ፣ እናቷ እጇን ይዛ ወደ አክስቷ ቬስታ ቤት ታመጣትና ከአልጋ ሥር ጊታሩን አውጥታ ትጫወታለች። ስትጫወት የቀኝ እጇ ትንሽ ጣት ከጊታሩ ቀዳዳ በታች ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ታርፍ ነበር፤ በዚያ ሁሉ ዓመት እንጨቱ ጣቷን ያህል ጎድጉዷል። ትንሿ አርዴላ እናቷ ስታርፍ ጠብቃ የራሷን ጣት እዚያች ጉድጓድ ውስጥ ትሰካለች። ልክ ትሆናታለች። ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት እናቷ ሞተች። ከዚያ በኋላም ሆድ ሲብሳት እየመጣች ጣቷን እዚያ ትሰካ ነበር።

አንሶላውን ገለጠች። ጊታሩ ያበራል። አሮጌው ቫርኒሽ፣ ስንጥቃጥቁ፣ ላብ የጠጣው የክንድ ማረፊያ፣ ምኑም የለም። ፊቱን ብታዩበት ጸጉራችሁን ታበጥሩበታላችሁ። የአርዴላ ትንሽ ጣት ግን ሳትጠየቅ ወደ ቦታዋ ሄደች። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎን ዳሰሰች። ለስላሳ ነው።

“ክሮቹ የሚታሰሩበትን ድልድይ አጣብቅልኝ ብቻ ነበር ያልኩህ” አለች፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ።

“አጣበቅኩት! ግን ቫርኒሹ ፈራርሶ፣ እዚህም እዚያም ተቦድሶ፣ ለልደትሽ እንደዚያ ሆኖ እንዴት ልስጥሽ?”

“ጉድጓዷስ?”

“የቷ?”

“ከቀዳዳው በታች የነበረችው።”

ፊቱ በራ፤ ምስኪን! “እሷ ናት ያሠቃየችኝ! ስቱኮ ይታያል ብዬ የዚያኑ ዘመን እንጨት አፈላልጌ፣ የጥፍር ታህል ቆርጬ ገጠምኩ። አሁን ማንም አያገኛትም።”

“ማንም አያገኛትም” አለች አርዴላ።

የቬስታ እጅ ባቄላው ላይ ቆመ። ሲያጌጡ ይመላለጡ የሚባለው እንዲህ ያለው ቀን ነው።

“እዚያ እኮ እናቴ ነበረች” አለች። “ፎቶዋን አባዬ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎበታል። ድምፅዋን የቀዳ ሰው የለም። የቀረችኝ ያቺ ብቻ ነበረች። አንተ በብርጭቆ ወረቀት ፋቅሃት፣ ሃስከል።”

“አርዴላ…”

“አትንካኝ! እንደ ፋብሪካ ዕቃ አደረግካት። ሂድልኝ።”

ሃስከል ተነሣ። አንድ ነገር ሊናገር ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ አየቻት፣ ያቺን የከንፈር እንቅስቃሴ። ከዚያ አፉን ገጠመና ባርኔጣውን ወንበሩ ላይ ረስቶ ደረጃውን ወረደ። ቬስታ ባርኔጣውን አነሣችና ለረጅም ጊዜ እያዞረች ዳሰሰችው። አርዴላ አላለቀሰችም። ማልቀሱ ራሱ አስጠልቷት ነበር።

* * *

ሦስት ሳምንት አለፈ። በዚህ ሦስት ሳምንት ውስጥ አርዴላ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎቿን ያለጥፋታቸው ተቆጣች፤ ከቬስታ የፖስታ ሣጥን የመጣላትን አንድ ደብዳቤም ሳትከፍት ቦርሳዋ ውስጥ አዞረች። ለምን አልከፈተችውም? “ይቅርታ” ብሎ ከሆነ ቶሎ ይቅር እንዳትለው ፈራች። “ይቅርታ” ካላለ ደግሞ የባሰ ነው። ቦርሳዋን በከፈተች ቁጥር ጠርዙን ታያለች፤ መልሳ ትዘጋዋለች። ኩራት መጥፎ ጎረቤት ነው፣ ሌላ እንግዳ አያስገባም።

ቅዳሜ ማታ ከአባቷ ጋር እራት ቀርበዋል። ቤታቸው ከፋብሪካው በላይ ኮረብታው ላይ ነው፤ በመስኮቱ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ይታያል። ሚስተር ዊትማየር ሥጋውን በትንሽ በትንሹ ቆርጦ ጨርሶ ነው መብላት የሚጀምረው። ሁሉን ነገር እንደዚያ ነው የሚያደርገው።

“ያ ራትሊፍ ሥራ ለቀቀ” አላት፣ ቢላውን ሳያስቀምጥ።

“ማን አባረረው?”

“ማንም። ምርጥ ሠራተኛዬን ምን ብዬ አባርራለሁ? ሰሜን ካሮላይና ሥራ አገኘሁ አለ። ሰኞ ጠዋት በአራት ሰዓቱ አውቶቡስ ይሄዳል።”

የአርዴላ ሹካ ሳህኑ ላይ ቀረ። ሰኞ! ነገ እሑድ፣ ከዚያ ሰኞ። እስከዛሬ ስትቆጣው የነበረው ሁልጊዜ የሚኖር መስሏት ነው። ሰው የሚኮራው እኮ ነገ ያለ ሲመስለው ነው።

“የኔ ልጅ፣ የማላውቅ እንዳይመስልሽ” አለ አባቷ። ድምፁ ቁጣ የለበትም፤ ደክሟል። “አንድ ሺህ ጆሮ ያለበት ፋብሪካ ነው ያለኝ። ልጁን አልጠላውም። ግን ሸለቆና ኮረብታ ሲጋቡ አንዱ የሆነ ነገር ይጥላል። እናትሽን አንድ ጊዜ ነው የጠየቅኳት። አንድ ጊዜ። ‘ኦሊ፣ የዊትማየር ሚስት ከበሮና ጊታር ይዛ ብትታይ ሰው ምን ይላል’ አልኳት። ‘እሺ ሎውል’ አለች። ሞታ እስክትቀበር ድረስ የጊታር ድምፅ ሰምቼ አላውቅም።”

አርዴላ ቀና ብላ አየችው። የሚኮራ መስሏት ነበር። እሱ ግን የቆራረጠውን ሥጋ ወደ ሳህኑ ጠርዝ እየገፋ፣ አንዱንም አልቀመሰም።

ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ረቡዕ፣ አባዬ፣ ረቡዕ ረቡዕ! ግን እናቷ ከንፈሯ ላይ ጣቷን አድርጋ “ይቺ የኔና ያንቺ ናት፤ ለአባትሽ የሰጠሁትን ቃል አፍርሻለሁና ከሰማ ያዝናል” ብላታለች። የሞተ ሰው አደራ ደግሞ የሚመለስለት የለም። አሥራ ስድስት ዓመት ይዛዋለች። ዛሬም ዋጠችው፤ የሃስከልን ስምም አብራ ዋጠች።

* * *

በማግስቱ የመቃብር ማስጌጫው እሑድ ነበር። ግንቦት ሲያልቅ የሸለቆው ሰው ሁሉ መቃብሩ ወዳለበት ኮረብታ ይወጣል። ሣሩን ይፍቃል፣ አፈሩን ይከምራል፣ በቤቱ ከቀለም ወረቀት ቆራርጦ ሰም ያጠጣውን አበባ በየሙታኑ ራስጌ ይተክላል። ከዚያ በዛፎቹ ሥር ረጃጅም ጠረጴዛ ይዘረጋል፤ ዶሮ ጥብሱ፣ ድንች ሰላጣው፣ ኬኩ ይወርዳል፤ ከምሳ በፊት ግን ይዘመራል። ሙታኑ መጀመሪያ ይሰሙ ዘንድ።

ሚስተር ዊትማየር በየዓመቱ ይመጣል። ከአበባ ሱቅ ያዘዘውን ትልቅ የአበባ ጉንጉን ኦሊ መቃብር ላይ አስቀምጦ፣ ባርኔጣውን ይዞ አሥር ደቂቃ ቆሞ፣ ጊታር ከሣጥን ሳይወጣ መኪናው ውስጥ ይገባል። ዘንድሮም ሊሄድ ነበር፤ ግን ሦስት ፒክአፕ ከኋላው ቆመው መንገዱን ዘግተዋል፣ ሾፌሮቹም ማን እንደሆኑ የሚያውቅ የለም። ቬስታ ብትጠየቅ ታውቅ ነበር፤ ማንም አልጠየቃት።

እሷ ጊታሩን ይዛ ከአርዴላ አጠገብ፣ ከኦሊ መቃብር ፊት፣ ሣሩ ላይ ዘፍ አለች።

“አክስቴ፣ ያን ነገር አታምጪብኝ።”

“ያን ነገር! እናትሽ ብትሰማሽ በአበባው ትልሽ ነበር። ደብዳቤውን አነበብሽ?”

“አላነበብኩም።”

“ሦስት ሳምንት ሙሉ? አንቺ ልጅ፣ ከአባትሽ የወረስሽው ይሄን ድርቅና ብቻ ነው እንዴ? ያውልሽ፣ እዚያ ቁልቁለት ላይ የአያቱን መቃብር እየፋቀ ነው። ነገ አውቶቡስ ይውጠዋል። አንብቢ! እዚሁ፣ እናትሽ ፊት።”

አርዴላ ቁልቁል አየች። ሃስከል በነጭ ሸሚዝ፣ እጅጌውን ሰብስቦ፣ መቆፈሪያ ይዟል። ቀና ሲል ዓይን ለዓይን ተጋጠሙ። እሱ ፈጥኖ አጎነበሰ። አርዴላ ቦርሳዋን ከፈተች። ፖስታውን ቀደደችው።

“አርዴላ፣

ምን እንዳጠፋሁ የገባኝ ፊትሽን ሳይ ነው። እኛ ክፍል ግድግዳ ላይ ‘ምልክት ያለበት ዕቃ ከዚህ በር አይወጣም’ የሚል ተጽፏል። ዘጠኝ ዓመት ያንን እያየሁ ሠርቻለሁ፤ እጄ ሌላ ትምህርት የለውም። ያቺን ጉድጓድ ሳያት ጉዳት መሰለችኝ። ልመልሳት አልችልም፤ እችላለሁ ብዬም አልዋሽሽም።

አንድ ነገር ግን ማወቅ አለብሽ። እንድትምሪኝ ብዬ አይደለም፤ ንብረትሽ ስለሆነ ነው። የጊታሩን አንገት አልነካሁትም። ልፍቀው ብዬ ብርጭቆ ወረቀቱን ቆርጬ ይዤ ነበር። ጣቴን ሳሳርፍ ጥቁሩ እንጨት ከክሮቹ ሥር ጎድጎድ፣ ጎድጎድ ብሏል። በዓይን አይለይም፤ በጣት ነው። አንዱን ይዤ ሌላውን ስፈልግ፣ ጣቶቼ ሳላስበው እንደ ተጫዋች ጣት ተሰልፈው ኮርድ ያዙ። አይቻት የማላውቃትን ሴት እጅ የጨበጥኩ መሰለኝና አፈርኩ። ወረቀቱን ጣልኩት።

ለምን በረንዳው ላይ አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። የሰው እናት ፍቆ፣ ‘ግማሿን ትቼልሻለሁ’ ይባላል?

ሃስከል”

አርዴላ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ሁለተኛው ላይ ፊደሉ ተደበላለቀባት።

“አክስቴ… ታውቂ ነበር?”

“እኔ መጫወት የማልችል መሰለሽ? አውቃለሁ። ግን ይህ ነገር በአፍ የሚነገር አይደለም። አንቺ ጊታር እንዳትይዢ ተከልክለሽ ያደግሽ፣ የምታውቂው ፊቱን ብቻ ነው። ነይ፣ ግራ እጅሽን አምጪ።”

ቬስታ ጊታሩን የአርዴላ ጭን ላይ አስቀመጠችና ጣቶቿን እንደ ሕፃን ጣት አንድ በአንድ እየያዘች አሰለፈቻቸው። “ይቺን እዚህ፣ በሁለቱ ሽቦ መሐል፣ የመጀመሪያው ቤት። መሐለኛዋን እዚህ። ይቺን ደግሞ ወደ ላይ ዘርጊያት፣ ሦስተኛው ቤት። ጫን በይ! ምን እንደ እንቁላል ትነኪዋለሽ?”

አርዴላ ተጫነች። ጣቶቿ ገቡ። ሦስቱም፣ እያንዳንዳቸው ወደየራሳቸው ትንሽ ማረፊያ፣ ማንም ሳይገፋቸው ገቡ። የእናቷ እጅ ላይ እጇን ጫነች ማለት ነው። አሥራ ስድስት ዓመት ከአንዲት ጉድጓድ ጋር ስታወራ፣ እናቷ ሙሉ እጇን ዘርግታ ከጎን ስትጠብቃት ኖራለች። በረንዳው ላይ ያልመጣው እንባ አሁን መጣ፣ ያውም ሳይጠራ።

“ያኔ በራዲዮው ዘመን ያረፉበት ነው?” አለች፣ እያለቀሰች።

“የለም! የራዲዮው ዘመን እንጨት አልቆ ተጥሏል። ወንድማችን ዶይል ነው፣ ለሠርጓ ስጦታ ብሎ ይሄን ጥቁሩን አዲስ የገጠመላት። ሲገጠም ጠፍጣፋ ነበር፣ በእጄ ዳስሼዋለሁ። በማግስቱ ተዳረች። ስለዚህ ይሄ ሁሉ የምታዪው…”

ቬስታ አፏን ያዘች። በሕይወቷ አንድ ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ የቀረችው ያኔ ብቻ ነው።

“ስለዚህ ምን?” አለ ከኋላቸው፣ መንገዱ ተዘግቶበት የተመለሰው ሚስተር ዊትማየር።

ባርኔጣው አሁንም እጁ ላይ ነው። ዓይኑ ጊታሩ ላይ፣ የልጁ ጣቶች ላይ ነው። “ከሠርጉ በፊት ጠፍጣፋ ከነበረ፣ ማን አጎደጎደው?”

አርዴላ የእናቷን መቃብር አየች። ይቅርታ እማዬ፣ አለች በልቧ። አንቺ ያዝናል ብለሽ ነበር፤ እኔ ግን አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ሲያዝን ነው ያየሁት።

“ረቡዕ ረቡዕ ነበር፣ አባዬ። ምሳ ስትወጣ እዚህ አክስቴ ቤት እንመጣ ነበር። ቃሉን ስላፈረሰች እንዳታዝንባት ብላ ነው ያልነገረችህ።”

“ስንት ጊዜ?”

“እኔ ካወቅኩ ጀምሮ። እስክትታመም።”

“አሥር ዓመት ሙሉ” አለች ቬስታ፣ ምላሷ ሲመለስላት። “በረዶም ቢጥል አትቀርም ነበር።”

ሚስተር ዊትማየር ባርኔጣውን አስቀመጠ። በዚያ በተተኮሰ ሱሪው ሣሩ ላይ ተንበረከከና አንድ ጣቱን ዘርግቶ እንጨቱን፣ ከአርዴላ ጣቶች አጠገብ፣ በፍርሃት ነካ። “ትዘፍን ነበር?”

“ወንዙ ማዶ ድረስ!”

“ትስቅ ነበር?”

“ሎውል፣ ስትሳሳትማ እስክትወድቅ ነበር የምትስቀው።”

ሽማግሌው ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። አርዴላ መጀመሪያ የተቆጣ መሰላት። “እኔ እኮ አፏን የዘጋሁት መስሎኝ ነው” አለ። “አንድ ቀን አንድ ቃል ተናግሬ፣ በውስጧ ታፍና ሞተች እያልኩ ነው በየሌሊቱ የምተኛው። ለዚህ ነው ይሄን ዕቃ ማየት የማልችለው። ለዚህ ነው አንቺን የከለከልኩሽ።” እንባው እየወረደ ሳቀ፤ አርዴላ አባቷ ሲስቅ ጥርሱን ማየቷ ነበር የገረማት። “ለካስ ዋሽታኛለች! እግዚአብሔር ይስጣት፣ አሥር ዓመት ሙሉ ዋሸችኝ!”

 ከዚያ አፍንጫውን በመሐረብ ጠረገና እንደ ፋብሪካ ሰው ጊታሩን ከአርዴላ ጭን ሳያነሣ መረመረ። “የማን ሥራ ነው?”

“የሃስከል” አለች አርዴላ።

“ሃስከል!” ብላ ጮኸች ቬስታ፣ ሙታኑ ራሳቸው እስኪደነግጡ። “ና ወዲህ! አያትህ አይሸሹም፣ ተዋቸው!”

መጣ። መቆፈሪያውን እንደያዘ፣ አርዴላን ላለማየት ሰማዩን እያየ መጣ። ጆሮው ቀልቷል።

“ፊቱ መስታወት ነው” አለው ሚስተር ዊትማየር። “እንከን አላገኘሁበትም።”

“አዎ ጌታዬ። የማፍረው ለዚሁ ነው።”

“አንገቱን ግን እንዳለ ትተኸዋል። እኔ ፋብሪካ ይህን አድርገህ ቢሆን ምን እንደምልህ ታውቃለህ?”

“ያባርሩኝ ነበር።”

“ታዲያ ለምን ተውከው?”

ሃስከል መቆፈሪያውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወረ። “ሰው ነበረበት፣ ጌታዬ።”

ሚስተር ዊትማየር ለረጅም ጊዜ አየው።  ባርኔጣውን አንሥቶ ሄደና ከሸለቆው አሮጊቶች መሐል፣ ሊዘመር በተደረደሩት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀመጠ። አሮጊቶቹ እርስ በርስ ተያዩ። ቬስታም “ድንች ሰላጣዬን ንብ ሊበላው ነው” ብላ ተነሥታ ሄደች፤ ንብ ድንች ሰላጣ ምን ያደርግለታል?

ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

“ባርኔጣህን አክስቴ ጋ ረስተሃል” አለች አርዴላ። ሦስት ሳምንት ያከማቸችው ንግግር ሁሉ ጠፍቶ የመጣላት ይሄ ነው።

“አውቃለሁ። ልወስደው ብመጣ አገኝሻለሁ ብዬ ፈራሁ።”

“ደብዳቤህን አሁን ነው ያነበብኩት።”

“አሁን?” ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። “አንብበሽ ዝም ያልሽኝ መስሎኝ እኮ ነው፤ ለዚህ ነው ወደ ካሮላይና የጻፍኩት። እዚህ እየኖርኩ እንዴት ነው የማላይሽ?”

አቤት፣ አንድ ያልተከፈተ ፖስታ ስንት ተራራ ያቆማል! አርዴላ በእጅጌዋ ዓይኗን ጠረገች። የቀኝ እጇ ትንሽ ጣት፣ የልማድ ነገር ሆኖባት፣ ቀዳዳው ሥር ያለውን ለስላሳ ቦታ ፈለገች። አሁንም ምንም የለም። አሁንም ትንሽ አመማት፤ ይህስ ምናልባት ዕድሜዋን ሙሉ ያማት ይሆናል።

“ሃስከል፣ አንድ የሙያ ጥያቄ ልጠይቅህ። ጣት እንዲህ አድርጎ እንጨት ለማጎድጎድ ስንት ዓመት ይፈጅበታል?”

“እናትሽ እጇ ብርቱ ነበር። ዕድሜዋንም ሙሉ ስትጫወት ነው” አለ፣ በቁም ነገር እያሰላ። “አንቺ… አንቺ መያዝ እንኳ አትችዪም። ሃያ ዓመት።”

“የሚያስተምረኝ ባገኝስ?”

“አሥራ ስምንት።”

“እንግዲያው ነገ በአራት ሰዓት የት ልትሄድ ነው?”

መቆፈሪያው ከእጁ ወደቀ። ሃስከል አፉን ከፈተ፣ ዘጋው፤ ያቺው የከንፈር እንቅስቃሴ ነበረች፣ በረንዳው ላይ ያየቻት። ዛሬ ግን አልሄደም። አጠገቧ ተንበርክኮ፣ ቫርኒሽ በጥፍሩ ሥር በደረቀበት እጁ ትንሽ ጣቷን ያዘና ለስላሳው እንጨት ላይ አሳረፋት።

“እዚህ ጋ ናት ቦታዋ” አላት፣ ድምፁ ተሰብሮ። “አታንሻት።”

ግራ እጇ የእናቷ ጣቶች ካረፉበት አልተነሣም ነበር። አውራ ጣቷን በክሮቹ ላይ አወረደችው። አንዱ ክር ተንኮሻኮሸ፣ ሌላው ጭራሽ ድምፅ አልሰጠም፣ የተቀሩት አራቱ ግን በኮረብታው ላይ ወጡ። ቅጠል የሚቆርጠው፣ ዶሮ የሚያወጣው ሁሉ ዞር አለ።

“ድገሚው” አለ ሚስተር ዊትማየር፣ ከወንበሩ።

አርዴላ ትንሽ ጣቷን ሳታነሣ ደገመችው።